ከቤት የመጣው ናሙና

ሰውየው የሳቀው አሳ እየበላ ነው። ጥብሱን ከአጥንቱ እየፈለቀቀ፣ ጣቱን እየላሰ፣ ስለ ሚስቱ ያወራኝና ይስቃል። እኔ እጄን ከሳህኑ አነሳሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርጄ አሳ በልቼ አላውቅም።

ሀዋሳ ውስጥ በሬዲዮ ጋዜጠኝነት ፀጉሬ ሸብቷል። ጎርፍ ዘግቤያለሁ፣ የመኪና አደጋ ዘግቤያለሁ፣ ሰው የገደለ ሰው ፊት ተቀምጬ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ጠይቄያለሁ። ሥራዬ መጠየቅ፣ ማጣራትና መናገር ነው፤ መቆጣት የአድማጭ ድርሻ ነው ብዬ አምን ነበር። የምነግራችሁ ነገር የሆነው በቅርቡ ነው። ስሞቹን ቀይሬያለሁ፤ የተባባሉትን ግን እንደተባለው አስቀምጣለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ አድማጭ ጥያቄ ነው። በጤና ፕሮግራማችን ላይ የደወለ ሰው፣ "ወንድ ልጅ ከተቋጠረ በኋላ መመለስ ይቻላል ወይ?" ብሎ ጠየቀ። ስቱዲዮ ውስጥ የነበሩት ወጣቶች ሳቁ። እኔ መልሱን ስለማላውቅ አልሳቅኩም። በማግስቱ ወደ ዶክተር ሰለሞን ሄድኩ። የሽንት ቧንቧና የወንዶች ሐኪም ነው፤ ከተማሪነቱ ጀምሮ ስለማውቀው አንተ እለዋለሁ።

"የዘር ህዋስ የሚመረተው በዘር ፍሬው ውስጥ ነው" አለኝ። "ከዚያ በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ላይ ይወጣል። ቫዜክቶሚ ማለት ሁለቱን ቱቦዎች ቆርጦ መቋጠር ነው። ሌላ የሚነካ ነገር የለም። ወንድነቱ እንዳለ ነው፣ ስሜቱም እንዳለ ነው። ፈሳሹ እንኳ እንደ ወትሮው ይወጣል፤ ውስጡ የዘር ህዋስ የለም እንጂ።"

"በዓይን አይለይም?"

"በማይክሮስኮፕ ካልሆነ አይለይም። ሚስትም ብትሆን አታውቅም።"

"መመለሱስ?"

"እሱ ሌላ ታሪክ ነው ጋሼ። የተቆረጡትን ጫፎች ፈልጎ፣ ጠባሳውን አንስቶ፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር በማይክሮስኮፕ እያዩ መልሶ መስፋት ነው። መቁረጡ አጭር ሥራ ነው፤ መቀጠሉ ሰዓታት ይፈጃል። መሣሪያ ይፈልጋል፣ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፣ በየከተማው አይገኝም። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል። ቱቦው ቢከፈትም እርግዝና ይመጣል ማለት አይደለም። ስለዚህ ‘አንድ ቀን አስመልሰዋለሁ’ ብሎ የሚቋጠር ሰው ባይቋጠር ይሻላል። ለሚፈልግ ሰው ሌላም መንገድ አለ፤ ህዋሱን ከዘር ፍሬው በመርፌ ወስዶ ከሚስት እንቁላል ጋር በላቦራቶሪ ማገናኘት ይቻላል። እሱም የራሱ ጣጣ አለው።"

ቀጥሎ እንዲህ አለ፦ "ደግሞ ከመወሰናችን በፊት ሚስትየዋም መታየት አለባት። በእሷ በኩል ችግር ካለ ሰውየውን በከንቱ መቅደድ ይሆናል።"

ይህን ዓረፍተ ነገር በመቅረጫዬ ይዤዋለሁ። ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ትክክለኛ ምክር ነው፤ የትኛውም ጥሩ ሐኪም የሚለው ነው።

ለፕሮግራሙ ይህን ራሱ ያሳለፈ ሰው ቢገኝ ጥሩ ነበር። ዶክተር ሰለሞን አንድ ታካሚውን ጠየቀልኝ፤ ሰውየው ስሙና ድምፁ እስከተደበቀ ድረስ ደስ ይለኛል አለ። ማቲዎስ እንበለው። ፒያሳ አካባቢ የውሃ ቱቦና የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል። አርባዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሲጨብጥ የሰውን እጅ በሁለት እጁ የሚይዝ ሰው ነው። በቤተክርስቲያናቸው የወንዶች ኅብረት መሪ ነው። "ምሳ እየበላን እናውራ" ብሎ ወደ ሐይቁ ወሰደኝ። ከሰው ራቅ ብለን ተቀመጥን። አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም ወፎች የአሳ አንጀት እስኪጣልላቸው አንገታቸውን ቀብረው ቆመዋል።

የታሪኩ የመጀመሪያ ክፍል የሚያስከብር ነበር። የመጀመሪያ ሚስቱ ሦስተኛ ልጃቸውን ስትወልድ ከሞት ነው የተረፈችው። ሐኪሞቹ ሌላ እርግዝና አትችልም አሏቸው። ኪኒኑም መርፌውም አልተስማማትም። "እሷ ሦስቴ ሞት ደጅ ደርሳለች፣ አሁን የእኔ ተራ ነው አልኩ" አለኝ። ብቻውን ጤና ጣቢያ ሄዶ ተቋጠረ። ከእሷ በቀር ለማንም አልተናገረም። ከዓመታት በኋላ እሷ በሌላ ሕመም አረፈች።

ብዙ ወንዶች ጠይቄያለሁ፤ ይህን ያደረገ ጥቂት ነው። በውስጤ ባርኔጣዬን አነሳሁለት። በዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ፕሮግራም ይዤ እመለስ ነበር።

"ከዚያ አስቴርን አገባሁ" አለ። አስቴር የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ከእሱ በብዙ ታንሳለች።

"ለአስቴር ነግረሃታል?"

"ምን ብዬ ጋሼ? ከእኔ ጋር ስትሆን ልጅ ፈልጋ ነው። ብነግራት እሺ ትለኝ ነበር?"

"ከተጋባችሁ በኋላስ?"

"ከዚያማ ረፈደ። እናቴም ጀመረቻት። ‘የሦስት ልጅ አባት ነው ልጄ፤ መሬቱ ነው እንጂ ዘሩማ ታይቷል’ ትላታለች። የጸሎት እህቶችም ጾም ያዙላት።"

"አንተም አብረህ ጾምክ?"

"መሪው እኔ ነኝ እንጂ" አለና በመሀረብ አፉን ጠረገ።

መቅረጫውን አየሁት። ቀይ መብራቱ በርቷል። ወደ እሱ ጠጋ አደረግሁት።

"አሁን እሷም በጣም ስትጨነቅ ላስመልሰው ብዬ ዶክተር ሰለሞን ጋ ሄድኩ። ሚስትህ መጀመሪያ ትታይ አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ቱቦ ነጋዴ ነኝ፤ ሞተሩ መሥራቱን ሳላውቅ መስመር እዘረጋለሁ? ስለዚህ ማህፀን ሐኪም ጋ ላክኋት።"

"ምን ብለህ?"

"ልጅ እንቢ ብሎናል ብዬ ነዋ። ሐኪሟ ግን ቀላል ሴት አይደለችም። የባል የዘር ፈሳሽ ሳይመረመር ወደ ሚስት አልሄድም አለች።"

የሳቀው እዚህ ላይ ነው።

"ያውቃሉ አይደል፣ ወንድ እዚያ ገብቶ ናሙና መስጠት ያፍራል። ኮሪደሩ ላይ የምታውቀው ሰው አይጠፋም፤ ዕቃ ይዘህ ሽንት ቤት ስትገባ ያይሃል። ስለዚህ ከቤት ማምጣት ይፈቅዳሉ። ሙቀቱን እንዲጠብቅ ብብትህ ሥር አድርገህ ቶሎ አድርስ ይሉሃል። የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከዮናስ ነው የወሰድኩት። ከታናሽ ወንድሜ። እኛው ቤት ነው የሚኖር። ውጤቱ አንደኛ ወጣ። ሐኪሟ ለአስቴር ‘ባልሽ ምንም አይለውም’ አለቻት።"

የአሳውን ጭንቅላት ሰበረና መጠጠው።

"ከዚያስ እሷ?" አልኩ።

"እሷንማ ቀለም ረጭተው ራጅ አነሷት፣ ደም ወሰዱ፣ ኪኒን ሰጡ። ምንም አላገኙም። ስለዚህ ነገ ጠዋት በሆዷ በኩል በካሜራ ገብተው ሊያዩ ነው። ደህና ከሆነች ሙሉ በሙሉ ተረጋገጠልኝ ማለት ነው። ከዚያ እኔ ደግሞ ለዕቃ ግዢ ሄድኩ ብዬ እሠራዋለሁ።"

"ነገ ጠዋት ነው የምትቀደደው?"

"ትንሽ ቀዳዳ ነው። ትተኛለች፣ አይሰማትም።" ሳህኔን አየ። "አሳው አልጣመዎትም እንዴ ጋሼ?"

ሳህኑን ወደ እሱ ገፋሁት። የሐኪሙን ትክክለኛ ምክር ወስዶ ሚስቱን እንደ ሞተር ፈታትሾ ለማየት ተጠቀመበት። ለመግዛት ያልወሰነው ዕቃ ይመስል። ደግሞ ክፉ ሰው መሆኑን አላወቀም። የሚያወራኝ የአንድ ጠንቃቃ ነጋዴ ብልሃት አድርጎ ነው።

መቅረጫውን አጠፋሁ። "ማቲዎስ፣ ነገ ያለውን አስቁመው" አልኩት።

"ጋሼ፣ ይሄ የቤቴ ጉዳይ ነው። ስምህን አልገልጽም ብለው ቃል ገብተውልኛል" አለኝ፤ አሁንም ፈገግታው አልጠፋም።

ቃል ገብቻለሁ። ጋዜጠኛ ቃሉን ከበላ ነገ ማንም አይናገረውም፤ ይህን ለስንት ወጣት አስተምሬያለሁ። በባጃጅ ወደ ከተማ ስመለስ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚታየኝ። የማላውቃት ሴት ነገ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ትተኛለች። ጤነኛ ሆዷን ይከፍቱታል። በዚህች ከተማ ይህን የሚያውቁት እሱ፣ ወንድሙና እኔ ነን።

በቀጥታ የሄድኩት ዶክተር ሰለሞን ጋ ነው። ታካሚው ነው፤ እኔን ያገናኘኝም እሱ ነው። የመጨረሻውን ታካሚ ሸኝቶ በሩን ዘጋ። ነገርኩት። ሲሰማ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ነበር፤ ቀስ ብሎ ሰበሰበው።

"ሚስትህ ትታይ ያልኩት እኔ ነኝ" አለ።

"ያልከው ልክ ነበር።"

"ዕድሜዋን ንገረኝ፣ ወር አበባዋ እንዴት ነው፣ አንድ አልትራሳውንድ ታንሳ፤ ይሄንን ነው ያልኩት። ማን ቅደዷት አለ?" ከወንበሩ ተነሳ። "ያቺ ሐኪም ደግሞ ጥፋት የለባትም። ባልየው ደህና ነው የሚል ውጤት በእጇ ይዛ፣ ሴትየዋ ላይ ምንም ካላገኘች፣ ቀጣዩ እርምጃ እሱ ነው። እኔም ብሆን የማደርገው ያንኑ ነው።"

"ደውልላታ።"

"የታካሚዬን ምስጢር ይዤ? አልችልም ጋሼ። እርስዎስ ለሚስቱ ሊነግሯት ይችላሉ?"

ሁለት የተማሩ ሰዎች፣ ሁለቱም በየሙያቸው ሕግ የታሰሩ፣ ተያየን። ሕጎቹ ጥሩ ሕጎች ናቸው። ያን ዕለት ግን የሚጠብቁት ጥበቃ የማያስፈልገውን ሰው ነበር።

"ለእሱ ለራሱ ግን መደወል እችላለሁ" አለ ዶክተሩ በመጨረሻ። ደወለ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አላደረገም፤ የራሱን ንግግር ብቻ ነው የሰማሁት። "ማቲዎስ፣ ባለቤትህ ምንም ዓይነት ቀዶ ጥገና አያስፈልጋትም። አልፈልግም። ከተደረገባት እኔ አንተን አልሠራህም፤ ይሄ የመጨረሻዬ ነው። ዛሬውኑ ሰርዘው።" ዘጋና ተነፈሰ። "እሺ አለ።"

"እሺ አለ?"

"እሺ ዶክተር አለ።"

እዚህ አገር "እሺ" ተብሎ የቀረ ስንት ነገር አይቻለሁ። ባለሥልጣን እሺ ይላል፣ ተከራይ እሺ ይላል፣ ከዚያ የሚያደርገውን ያደርጋል። በማግስቱ ጠዋት ማቲዎስ ምሳ ላይ ወደጠቀሰልኝ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ወዳለው ሆስፒታል ሄድኩ።

ማቲዎስ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ በስልክ ያወራል። ሲያየኝ ስልኩን ከጆሮው አወረደ። አጠገቡ ፔርሙዝና ብርድ ልብስ የያዘ፣ ዕድሜው ወደ ሠላሳ የሚጠጋ ሰው ቆሟል፤ መልካቸው አንድ ነው። ዮናስ መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ።

"ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?" አለ ማቲዎስ ወደ ጥግ እየሳበኝ።

"ዶክተሩ ምን አለህ?"

"ሰማሁት። ግን አሁን አይሆንም ብል ለእናቴ ምን ልበል? ለጸሎት እህቶቹ? ሌሊቱን ሲጸልዩላት ነው ያደሩት። ትንሽ ነገር ናት፣ ትለፍና..."

"ገብተህ ንገራት።"

"አልችልም።"

"ስለዚህ እኔ እገባለሁ።"

"ቃልዎን ሊበሉ?"

"ያንተን አልናገርም። ጥያቄ እጠይቃታለሁ። እንጀራዬ እሱ ነው።"

እጄን ያዘኝ። አስለቀቅሁትና ገባሁ።

አስቴር የሆስፒታሉን ጋውን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯን በጨርቅ አስረውላታል፣ እጇ ላይ የግሉኮስ መርፌ ተሰክቷል። የባሏ እናት ወንበር ላይ ናቸው። ሁለት የጸሎት እህቶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሰላም አልኳቸው።

አስቴር ቀና አለች። "ድምፅዎን አውቀዋለሁ። የሬዲዮው አይደሉም? ሥራ ቦታ ጠዋት ጠዋት እርስዎን ነው የምንከፍት።"

"ነኝ።"

"ማቲ ነው የጠራዎት?"

"እንተዋወቃለን።" ይህን ያህል ብቻ ነው ያልኩት።

"የጤናው ፕሮግራም ላይ ሐኪሞቹን ሲያፋጥጧቸው ደስ ይለኛል" አለች። ትንሽ ፈገግ አለች። "እስቲ ይንገሩኝ፤ ይሄ ነገር ያማል? እዚህ ሁሉም አያምም ነው የሚለኝ። ያልተቀደደ ሰው ሁሉ አያምም ይላል።"

"በጌታ ስም ምንም አትሆኚም" አሉ አማትዋ። "ልጄ የሦስት ልጅ አባት ነው። ያለብሽን አይተው ያወጡልሻል፤ ከዚያ ልጅ መሳም ነው።"

አስቴር ጋውኑን ወደ ጉልበቷ ሳበች።

"እህቴ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ያማል አያምም አልልሽም" አልኳት። "ግን ሰው ከመቀደዱ በፊት ጠይቆ መጨረስ አለበት። እስካሁን አንቺ ምን ተመረመርሽ?"

በጣቷ ቆጠረችልኝ። ቀለሙ፣ ራጁ፣ ደሙ፣ አልትራሳውንዱ። ሁሉም ደህና ነው።

"ባለቤትሽስ?"

"እሱም ደህና ነው።"

"ናሙናውን የሰጠው የት ነው?"

"ከቤት ነው የመጣው። እዚህ መስጠት ከበደው።"

"ሲሰጥ አይተሻል?"

የጸሎት እህቶቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። አማትዋ፣ "ኧረ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?" አሉ። አስቴር እያየችኝ ነበር። ዓይኗ ውስጥ ጥርጣሬ ሲገባ አየሁት፤ ቀስ ብሎ ነው የገባው።

ያኔ የማህፀን ሐኪሟ ገቡ፤ ከኋላቸው ማቲዎስና ዮናስ። ሐኪሟ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ ፈጣን ሴት ናቸው። "ዝግጁ ነን?" አሉ።

"ዶክተር፣ የእሱ ምርመራ ቢደገምስ?" አለች አስቴር።

"ለምን? ውጤቱ እኮ በጣም ጥሩ ነበር።"

"ከቤት ነው የመጣው። እዚሁ ቢሰጥና እኔ ከመግባቴ በፊት ብናውቅ።"

ሐኪሟ አሰቡ። "ጥያቄው ነውር የለውም። ላቦራቶሪው ክፍት ነው። ወረፋውን ወደ ኋላ ላሸጋሽገው እችላለሁ።" ወደ ማቲዎስ ዞሩ። "እዚህ ጥግ ላይ ክፍል አለን፣ ማንም አያይዎትም።"

"አሁን?" አለ ማቲዎስ። "እዚህ ሁሉ ሰው እያወቀ?"

"እኔን ስንት ሰው እንዳየኝ ታውቃለህ?" አለች አስቴር። ድምፅዋን አላነሳችም። "አልጋ ላይ እግሬን ሰቅለው ሐኪሙም ተማሪውም አይቶኛል። አንድም ቀን አፈርኩ አላልኩም። አንተ በር ዘግተህ ነው።"

"አስቱ፣ ቤት እንነጋገር።"

"ለምን ቤት?"

"ተዪኝ እንግዲህ፤ አልችልም አልኩሽ።"

አስቴር ከእሱ ላይ ዓይኗን አንስታ በር ላይ ወደቆመው ዮናስ አዞረችው። ምርመራው የተደረገ ዕለት ናሙናውን በባጃጅ ላቦራቶሪ ያደረሰው እሱ ነበር።

"ዮናስ፣ ያንን ዕቃ ማን ነው የሰጠህ?"

ዮናስ ፔርሙዙን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዟል። ወንድሙን አየ፣ እናቱን አየ።

"ማንም አልሰጠኝም እትዬ" አለ። "የኔው ነው። ለአንቺ ሰላም ሲባል ነው ብሎኝ ነው። ወረቀት ብቻ ነው አለኝ። መቅደድ እንዳለበት እኔ አላውቅም ነበር።"

ከጸሎት እህቶቹ አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሐኪሟ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ማቲዎስን አዩት። በሥራ ዘመኔ ብዙ ዓይነት አስተያየት አይቻለሁ፤ እንዲህ ጫማ ላይ የተጣበቀ ነገር እንደሚታየው ሰው ሲታይ ግን ያኔ ነው ያየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ።

ከዚያ ተናገረ። መቋጠሩን፣ ለምን እንደተቋጠረ፣ ዶክተር ሰለሞን ጋ እንደጀመረ ሁሉንም አወጣው። ሲጨርስ፣ "ላስመልሰው ነው አስቱ። ቀጠሮ ይዣለሁ። ላንቺ ብዬ ነው" አለ።

አማትዋ ከወንበሩ ተነሱና መልሰው ተቀመጡ።

አስቴር እጇ ላይ ያለውን መርፌ አየች። "እሷ እንዳትሞት ብለህ ነው የተቋጠርከው" አለች።

"አዎ።"

"ይሄንን ያኔ ብትነግረኝ እወድህ ነበር። ልጅ ቢቀርም ቢመጣም አብረን እናየው ነበር።" ከዚያ ቀና አለች። "አሁን የምታስመልሰው ለማን ነው?"

መልሱን ሳትጠብቅ እጇን ለሐኪሟ ዘረጋች፤ "ይንቀሉልኝ" አለች። ሐኪሟ ነርስ አልጠሩም፤ ራሳቸው ነቀሉላት፣ ጥጡን ራሳቸው ጫኑላት። ወንዶቹን በሙሉ አስወጡን።

ኮሪደሩ ላይ ቆየሁ። አስቴር የራሷን ልብስ ለብሳ ስትወጣ አጠገቤ ቆመች።

"ጥያቄውን ዝም ብለው አይደለም የጠየቁኝ" አለች። "ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?"

"ከትናንት ምሳ ሰዓት።"

"ከምሳ ሰዓት።" ራሷን ነቀነቀች። "እኔ ከእራት ጀምሮ ምግብ ከልክለውኝ ነበር። በባዶ ሆዴ ‘ጌታ ሆይ ማህፀኔን ክፈትልኝ’ እያልኩ ነው ያደርኩት።"

ቃል ገብቼ ነበር ልል አሰብኩ፤ አፌ ውስጥ ሳለ ከረፋኝ፤ ዋጥኩት። እሷም አልተቆጣችም። ባጃጅ ጠራችና ሄደች።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ይህን የማቀርብላችሁ ስለ አንድ ክፉ ሰው ለማውራት አይደለም፤ ክፉ ሰው ሞልቷል። ያንገሸገሸኝ ነገሩ ሁሉ በመልካም ነገር መሠራቱ ነው። ሐኪሙ መልካም ምክር ሰጠ። ላቦራቶሪው ለወንድ ሐፍረት አዘነ። ጸሎት ተጸለየ፣ ጾም ተጾመ። ወንድም ለወንድሙ ታዘዘ። እኔም ቃሌን ጠበቅሁ። የእነዚህ ሁሉ ድምር አንዲትን ጤነኛ ሴት አልጋ ላይ አስተኝቶ እስከ ቀዶ ጥገናው በር አደረሳት። በመካከላችን ናሙናው የማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱም የሦስት ልጅ አባት አይጠየቅም።

በእኔ ሥራ አንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ዛሬ ስም ደብቅልኝ የሚለኝን ሰው ገና መቅረጫውን ሳልከፍት እነግረዋለሁ፤ "ያለፈብህን እደብቃለሁ፤ ነገ በሌላ ሰው ላይ የምታደርገውን ግን አልደብቅም።" ተነስቶ የሄደ አለ። ይሂድ።

ያን ፕሮግራም ሠርቼዋለሁ፤ የማቲዎስ ድምፅ የለበትም። ዶክተር ሰለሞን የነገረኝን ሁሉ አስተላልፌያለሁ። መቋጠር ወንድን አያጎድልም። መመለስ ይቻላል፣ ግን አስቸጋሪ ነው፣ ዋስትናም የለውም፤ የሚወስነውም ሁለቱ ሰው አብረው ተቀምጠው ነው። ልጅ ዘገየብን የምትሉ ባልና ሚስት ደግሞ መጀመሪያ ባልየው ይመርመር፤ ቀላሉና ደም የማያፈሰው የእሱ ነው። ናሙናውንም እዚያው ይስጥ። የሚያፍር ካለ፣ ሚስቱ ያሳለፈችውን ያስብ።

ማቲዎስ ወደ ዶክተሩ አልተመለሰም። ዮናስ ከዚያ ቤት ወጥቷል። አስቴር የራሷን ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ይህን ልጻፈው ብዬ ፈቃድ ስጠይቃት በሥራ ቦታዋ ነበረች፤ እንግዳ እየተቀበለች፣ ቁልፍ እየሰጠች ሰማችኝ።

"ወንዶቹ አንብበው ነውሩ መቋጠር ነው እንዳይሉ" አለች። "መቋጠሩ ጥሩ ነበር። እሱን በደንብ ይጻፉት።"

"እጽፈዋለሁ። ሌላስ?"

ለአንድ እንግዳ ቁልፉን አቀበለችና ወደ እኔ ዞረች።

"ሆዴ ላይ ጠባሳ የለም" አለች። "እሱንም ይጻፉት።"